ማጥፊያ የሌለው ጌም

ጌሙን የገዛሁት ጦር ኃይሎች፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ በነበረች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ከሚጠግን ሰው ነው። መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ነገር ነበር፤ መሃሉ ላይ ትንሽ መስታወት፣ ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ቁልፍ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰውዬ ከላይ የሚወረወሩለትን ሳጥኖች እየቀለበ መኪና ላይ ይጭናል። በቀለበ ቁጥር ጌሙ "ጢጥ" ይላል፤ ሲያመልጠው ደግሞ ረዘም አድርጎ ይጮኻል። ሦስት ሳጥን ካመለጠው ጨዋታው አለቀ።

"ለማን ነው?" አለኝ ሰዓት ጠጋኙ።

"ለወታደር።"

"ወታደር በዚህ ይጫወታል እንዴ?"

"ይኼኛው ይጫወታል።"

ሳቀና ባትሪ አስገባለት። አገላብጬ አየሁትና ማጥፊያው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ማጥፊያ የለውም፣ እህቴ። ካልተጫወቱበት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው እስኪያልቅ መቁጠር ነው።"

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው የቆየሁት ስለሚያናድደኝ ነው። በእኛ ሙያ ተናዶ መጻፍ አይመከርም፤ እኔም ለጀማሪ ዘጋቢዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልበረደም። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ወታደሩ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እኩያዬ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረን ተምረናል። እናቱን "እትዬ" እንላቸዋለን። እትዬ ከደቡብ ምዕራብ የመጣ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በልጅነታቸው ኤደን ወስደዋቸው እዚያ ስላደጉ ዐረብኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። ኮልፌ ውስጥ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ገበር የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የቀራቸው ያ አንድ ልጅ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ አንድ መሆኑ አልተቆጠረለትም።

እሱና እኔን ያቀራረበን የጃፓን ካርቱን ነው። ዛሬ ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች አኒሜ ይሉታል፤ ምሳቸውን እየበሉ ስልካቸው ላይ ያዩታል። እኛ ጋ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነበር። ጃፓን ተሥሎ፣ ዐረብ አገር በዐረብኛ ተቀድቶ፣ በመርከበኛ እጅ አሰብ ይወርድና ከዚያ በተሳቢ ኮልፌ ይገባል። ተሳቢውን የሚነዳው አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነው። በሰፈሩ የቪዲዮ ዴክ ያለው እሱ ብቻ ነበር። እሱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ሳሎኑን የምትከፍትልን ሚስቱ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ።

ሥርዓት ነበረን። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የሾፌሩ ሚስት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዳንቴል አንስታ በአራት ታጥፈዋለች። ካሴቱን እፍ ብላ ታስገባለች። ሥዕሉ መንሸራተት ከጀመረ ከሁላችን መሃል ዴኩን በትክክለኛው ቦታ በመዳፉ መምታት የሚችለው የእትዬ ልጅ ብቻ ነው። እትዬ ለቴሌቪዥኑ የሚቀርበው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም ዐረብኛውን እየሰሙ ለእኛ የሚተረጉሙት እሳቸው ናቸው። ሾፌሩ አዲስ ካሴት ይዞ እስኪመለስ አንዱን ካሴት ሦስት አራት ቅዳሜ ደጋግመን እናያለን። እኔ ደብተር ነበረኝ። የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ፣ የትኛው ማሽን እንደተሰበረ እጽፋለሁ። እሱ ደግሞ ማሽኖቹን ደብተሬ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይሥላል።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። በከዋክብት መሃል ቤት የሚያካክሉ የብረት ሰዎችን እየነዱ አገራቸውን ይከላከላሉ። ታላቅየው ቀዩን ማሽን ይነዳል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ሻርፕ አለው። ስሙ በዐረብኛ ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ እኛ "ባለሻርፑ" ነበር የምንለው። እኔ ባለሻርፑን እወድ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

የእትዬ ልጅ ሰሜን ከሄደ በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ገጽ ተኩል ነው። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለበትም። "ባለሻርፑ ምን ሆነ? ምንም ሳትዘይ ጻፊልኝ" ይላል። መጨረሻው ላይ፣ "ያቺን ጢጥ ጢጥ የምትለዋን ጌም ካገኘሽ ላኪልኝ። እዚህ መጠበቅ ይበዛል" ይላል። ጌም ያለ ነገር በየሱቁ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት መስከረም ላይ ነው።

ለሾፌሩ ሰጥቼ ልልክለት ስል በየኬላው እንዳይወሰድ የቀበሌ ማኅተም ያስፈልገዋል ተባልኩ። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጌሙን በሁለት ጣቱ ያዘው።

"ይኼ ምንድነው? መገናኛ ነው?"

"ጌም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ቁልፉን ተጫነው። ጢጥ አለ። ወደ ኋላ ሸሸት አደረገው። "ድምፁን ለማን ነው የሚያስተላልፈው?"

"ለማንም። የቀለበውን ሳጥን ይቆጥራል እንጂ።"

አላመነኝም። መርምሬ ነው የማሳልፈው ብሎ ተቀመጠና ይጫወት ጀመር። ሦስቱ ሳጥን ቶሎ አመለጠው፤ "እንደገና ላረጋግጥ" አለ። አራት ጊዜ አረጋገጠ። በር ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እሱ ሳጥን ቀልቦ እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ጌሙን በቡኒ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። የተቀባዩን ስም ጠየቀኝና በራሱ እጅ ጻፈው። ከሥሩም "ለጀግናው ሠራዊታችን የተላከ" ብሎ ጨመረ። ከዚያ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ ማኅተሙን አወጣ፤ ቀኑን ጽፎ መታበት። መሳቢያው ውስጥ በሲባጎ የታሰሩ ወረቀቶች ነበሩ። አይቻቸዋለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን አልጠየቅሁም።

"ጎበዝ ጓዲት" አለኝ። "ሁሉም ወጣት እንዳንቺ ቢያስብ።"

ያኔ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። ከግንባር የሚመጣው ዜና በእጄ ያልፋል። በዜናው ውስጥ የጠላት ሙት አለ፤ የእኛ ሙት የለም። ሥራዬ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ስለነበር አስተካክዬ አሳልፋለሁ። ይህንንም የምጽፈው ሌላውን ብቻ እንዳልከስ ነው።

ጥቅምት ላይ ባለሻርፑ ሞተ። ማሽኑ ሲቃጠል አየን። በሚቀጥለው ክፍል ሰዎች ጥቁር ለብሰው ተሰልፈዋል፤ ባንዲራ የለበሰ ረጅም ሣጥን አለ፤ እናቱ ሣጥኑ ሥር ተንበርክካለች፤ ነጩ ሻርፕ እጇ ላይ ነው። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ቆስሎ ነው። ለሕክምና ሩቅ አገር እየላኩት ነው። እየሸኙት ነው" አሉ።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ ቀብር ነው" አልኩ።

"ሽኝት ነው አልኩሽ።"

"ለሽኝት ሰው ሣጥን ውስጥ ይገባል?"

የሾፌሩ ሚስት ሳቋ አመለጣት። እትዬ ዞረው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጋዜጣ ቤት ከገባሽ ወዲህ ምላስሽ ረዘመ። ዐረብኛ የምችለው እኔ ነኝ አንቺ?"

ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ደብተሬን ከፍቼ ያለፉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው መምህር "ጡረታ ወጡ" ያሉን? ትንሿ ልጅ "ገጠር አክስቷ ጋ ሄደች" ያሉን? በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ሁሉ ጦርነት አንድም ሰው አልሞተም ነበር፤ ሁሉም ሄዷል፣ ሁሉም ተሸኝቷል።  ስንወጣ በር ላይ ጫማ እያጠለቅን እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩኝ።

"መርዶ በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው እንዴ የሚነገረው? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆሎ እየዘገንን? መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ደጋፊ ቆሞ። እኔ ድንገት ሞተ ብልሽ ማን ነው የሚደግፍሽ?"

"ሥዕል እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ሥዕልም ይሁን። አንቺ ስትወጂው አይቻለሁ።"

ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ "ሩቅ አገር ሄደ" የሚለውን ሠርዤ "ሞተ" ብዬ ጻፍኩ። ለልጃቸውም በዚያው ሳምንት ጻፍኩለት፤ ምንም ሳትዘይ ብሎኝ ስለነበር ምንም አልዘለልኩም። እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽተውናል ብዬ ከሰስኳቸው።

ኅዳር ሲጋመስ ሾፌሩ ከመንገድ ተመለሰ። ቤቱ ሳይገባ በፊት ወደ እኛ በር ነው የመጣው። ቡኒውን ጥቅል ሰጠኝ። አልተከፈተም። የሊቀመንበሩ ጽሕፈትና ማኅተሙ እንዳለ ነው።

"ኮምቦልቻ ላይ ከእሱ ጦር ክፍል የሆነ ልጅ መለሰልኝ" አለ። "‘ባለቤቱ ከሰኔ ወዲህ የለም’ አለኝ።"

"የለም ማለት?"

"አንቺ ደግሞ! የለም ማለት የለም ነው።"

"ልጁ በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው?"

ሾፌሩ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። "ራሱ ነው የቀበረው። ከእናቱ የተላከለት ሹራብ ነበር፣ በሱ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት አለኝ።" ሹራቡን አውቀዋለሁ፤ እትዬ ከሱቃቸው ክር ነው የሠሩለት። ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሾፌሩ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ለእናቴ ነገረች። እናቴ ለእድሩ ዳኛ ነገረች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእትዬ በቀር ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። መርዶው መቼ ይነገር ተብሎ እኛ ቤት ስብሰባ ተደረገ። ዳኛው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"ያለ ወረቀት ድንኳን አንተክልም። ማን ነገራችሁ ብንባል ምን እንመልሳለን? ደግሞስ ልጁ ቢሳሳት? በሕይወት ላለ ሰው እናስለቅስ?"

ቢሳሳት የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ቀበሌ ሄደው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ፣ "የመጣ ነገር የለም። አሉባልታ የሕዝቡን ሞራል ይሰብራል" ብሎ መለሳቸው። በዚሁ ቀረ። ወረቀት እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት መስማማት ነው። ጥቅሉን ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰዓት በሞላ ቁጥር ከልብሶቼ ሥር አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቅዳሜ እትዬ አጠገብ ተቀምጬ ካርቱን አየሁ። እኔ፣ ስለ አንድ የተሣለ ሰው ሞት ተዋሸሁ ብዬ ደብተር የገለጥኩት ሰው። እሳቸው መተርጎማቸውን ቀጠሉ። ታናሽየው ወንድም ብቻውን ሲዋጋ፣ "ከወንድሙ ደብዳቤ መጣለት። ተሽሎኛል ይላል" ይሉናል። ዐረብኛው እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ። የሾፌሩም ሚስት ታውቃለች። ማናችንም አላረምናቸውም። እናቴ ከቀበሌ ሱቅ ከደረሳት ስኳር ላይ እየቀነሰች ትልክላቸዋለች። ሴቶች እሳቸው ሲመጡ ወሬ ያቆማሉ። ሾፌሩ ድሮ ሲመለስ መጀመሪያ እሳቸው ሱቅ ጎራ ብሎ "ሰላም ነው፣ በዚያ አልፌ ነበር" ይላቸው ነበር፤ አሁን በሌላ መንገድ ይዞራል።

ጥር ላይ የመጨረሻው ካሴት መጣ። ካሴቱ ሰኞ መመለስ ስላለበት የምናየው አንዴ ብቻ ነው። ሾፌሩም ያን ቅዳሜ ቤቱ ነበር፤ በር አጠገብ ተቀምጧል። ጦርነቱ አልቋል። ታናሽየው ወደ መንደሩ ሲመለስ እናቱ በር ላይ ቆማለች። የሆነ ነገር ይላታል። እትዬ አልተረጎሙም። ጠበቅን። ዐረብኛው ቀጠለ።

"እስቲ አቁሚልኝ" አሉ ለሾፌሩ ሚስት።

ሥዕሉ ቆሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወንድሜ ሞቷል፣ ነው የሚላት። ያን ጊዜም የሞተ ነው። ልክ ነበርሽ፣ ቀብር ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።"

"ግድ የለም፣ እትዬ።"

"ቆይ። አልጨረስኩም። አምና ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ፣ ልጅሽ ጻፈ ወይ፣ ይለኝ ነበር። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ይጠይቁኛል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይጠይቁኛል። ከኅዳር ወዲህ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። አንድ። እናትሽ ስኳር ትልክልኛለች። ይኼ ሾፌር ከእኔ ይሸሻል።" ሾፌሩ መሬት መሬት ያይ ነበር። "አንቺ ጋዜጣ ቤት ነው የምትሠሪው። ደብተር ይዘሽ ስታፋጥጪኝ አልፈራሽኝም። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የኔስ?"

መልሱን ማሰብ አላስፈለገኝም። አውቀዋለሁ። ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው፦ ጎህ አይደለም፤ ዘመድ የለም፤ ድንኳን የለም፤ ግራና ቀኝ የሚቆም ሰው የለም።

"ሞቷል፣ እትዬ" አልኳቸው።

"መቼ?"

"ሰኔ ላይ።"

"ማን አየው?"

"የቀበረው ልጅ ለሾፌሩ ነግሮታል። በሹራቡ ነው የጠቀለለው።"

ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ፤ ሱቃቸው ውስጥ ስንት ሜትር ገበር እንደሚፈልግ የነገራቸውን ደንበኛ እንደሚሰሙት። መጀመሪያ የጮኸችው የሾፌሩ ሚስት ናት። ከዚያ እትዬ ከወንበሩ ወረዱ። ግራቸውን እኔ ያዝኩ፣ ቀኛቸውን ሾፌሩ ያዘ።

ማታውኑ ወንጀለኛዋ እኔ ሆንኩ። "በጠራራ ፀሐይ!" ትላለች እናቴ። "ሰው ሳይሰበሰብ! በቴሌቪዥን ፊት! ሰው ለሰው እንዲህ ያደርጋል?"

"ሁለት ወር አውቆ ስኳር መላክስ?" አልኳት። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። የእድሩ ዳኛ ሰላምታዬን አልመለሱም። ድንኳን ግን አሁንም አልተተከለም፤ ወረቀት የለማ። እትዬ ቤታቸውን ዘግተው ብቻቸውን አለቀሱ። ልቅሶ ደራሽ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ገብቶ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የጠበቀው ያ ሥርዓት፣ እሱን አፈረስሽ ተብዬ የተወገዝኩበት ሥርዓት፣ ለእሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልደረሰላቸውም። ዛሬም የሚቆጨኝ መናገሬ አይደለም። ስምንት ቅዳሜ መቆየቴ ነው።

ጌሙን ከሳጥኔ አውጥቼ ከነቡኒ ወረቀቱ አስረከብኳቸው። ሊቀመንበሩም አስጠራኝ።

"ማን ፈቅዶልሽ ነው?"

"የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። የመለስኩት እኔ ነኝ።"

"አሉባልታ ነው የነዛሽው። የመንግሥት ጋዜጣ ላይ እየሠራሽ!"

"አሉባልታ ከሆነ ልጁን ያምጡላቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

ጣቱን ቀስሮ ብዙ ተናገረ። ጻፍ ጻፍ አደረገና አሰናበተኝ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ያን ቀን መረጋጋቴ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ ነበር።

እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ነው። ያልተገኘ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ጋዝ አያገኝም። በቀጣዩ እሁድ እትዬ ጥቁር ለብሰው መጡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ግራ እጅ ተነሥቶ መፈክሩ ተባለ። ሊቀመንበሩ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ከፊተኛው ረድፍ "ጢጥ" የሚል ድምፅ መጣ። እንደገና "ጢጥ"። ከዚያ ረዥሙ ጩኸት፤ ሳጥን አመለጣቸው።

"ምንድነው እሱ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"የልጄ ጌም ነው" አሉ እትዬ።

"ይዝጉት፣ እማማ።"

"ማጥፊያ የለውም።"

"እሺ፣ አይጫወቱበት!"

"ወረቀቱን ስጠኝና አልጫወትም።"

"የምን ወረቀት?"

"የልጄን።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የሳቁት ሰዎች በእሳቸው ይሁን በእሱ አላውቅም። በሁለተኛው እሁድም መጡ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው እሁድ እትዬ ጎበዝ ተጫዋች ሆነው ነበር። ረዥሙ ጩኸት ጨርሶ ጠፋ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብቻ፣ ሳያቋርጥ። ሊቀመንበሩ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ። ወረቀቱን አስቀመጠና ለአብዮት ጥበቃው፣ "ተቀበላቸው" አለው።

ጥበቃው ሲጠጋ እትዬ ቡኒውን ወረቀት ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ወደ አዳራሹ ዘረጉት። "ለጀግናው ሠራዊታችን የተላከ ይላል። የልጄ ስም አለበት። የጻፈው እሱ ነው፣ ማኅተሙም የሱ ነው። የሠራዊት ንብረት ነጥቆ የሚወስድ ማነው?"

ጥበቃው ቆመ። ሊቀመንበሩ የራሱን ጽሕፈት ከርቀት አወቀው። ከአዳራሹ ጋር በተያያዘችው በር ወደ ቢሮው ገባ። መሳቢያ ሲሳብ ሰማን። ሲባጎ ለመፍታት የሚበቃ ጊዜ ቆየ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ተመለሰና ሳያያቸው ሰጣቸው።

እትዬ በዓይናቸው ፈለጉኝ። "ነይ አንብቢልኝ" አሉ። "እንዳለ። እንደኔ አታድርጊ።"

አነበብኩ። አራት መስመር ናት። ስሙ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ግዳጁን በመወጣት ላይ ሳለ መሠዋቱ፣ ለቤተሰቡ ይነገር የሚል ትእዛዝ። ከላይ ቀን አለ፤ ቀኑንም አነበብኩት። ሐምሌ ነው። ከዚያ ከእትዬ ጭን ላይ ቡኒውን ወረቀት አነሣሁና ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አነበብኩ። መስከረም ነው። ሁለቱን ቀኖች አንድ ጊዜ ደገምኳቸው፤ አስተያየት አልጨመርኩም። ያ ሰው የልጁን ስም በእጁ ሲጽፍ፣ ጎበዝ ጓዲት ሲለኝ፣ ማኅተሙን ሲያወጣ፣ ደብዳቤው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከማኅተሙ አጠገብ ነበር።

"ብዙ ነው የሚመጣው" አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ወርዷል። "ሁሉንም ማንበብ አልቻልኩም። ብዙ ነው።"

በአዳራሹ ውስጥ ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነበር። መጀመሪያ የተነሣችው ከኋላ የነበረች ጠጅ ቤት ያላት ሴት ናት። "ብዙ ማለት ስንት ነው?" አለች። አጠገቧ ያለችውም ተነሣች። ከዚያ ወንበሮች መጮኽ ጀመሩ፤ ሴቶች ወደ ቢሮው በር ሄደው ተሰለፉ። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እትዬ መጡና፣ "ድንኳኑን ዛሬውኑ እንተክላለን" አሏቸው። እትዬ ደብዳቤውን አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ አስገቡት። ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ጌሙን ከጭናቸው ላይ አንሥተው ቁልፉን ተጫኑ። ጢጥ።

"ወረቀቱን ሰጠሁዎት አይደል እንዴ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"የኔን ነው የሰጠኸኝ" አሉት እትዬ፣ ዓይናቸውን ከሳጥኖቹ ሳያነሡ።